ሳይሰማ የታጠበው ሉህ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሁለት ነገር አስረከብኩ፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍና አንድ ትልቅ መዝገብ። የተረከበችኝ ባልደረባዬ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ «ይኼ የመጨረሻው ዓምድ ለምን ይኼን ያህል ሰፋ? የገጹን ግማሽ ይዞታል እኮ» አለችኝ። ላስረዳት ጀመርኩና መቀጠል አቃተኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም፤ ያን ነገር ሳስታውስ ግን ዛሬም ክው እላለሁ። ስለዚህ በቃል ያቃተኝን በጽሑፍ ላስረዳ። መምህር ነበርኩና ማስረዳት እወዳለሁ።

የደሴ ልጅ ነኝ። ፒያሳ አጠገብ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ አጥር በሚኖርበት ግቢ አደግሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ የተመደብኩት ኩታበር ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ፣ የኩታበሩ ርእሰ መምህር፣ ከሁሉ በላይ የሚያጠብቋት ሕግ አንዲት ናት፤ ሰሌዳ ሳይጠረግ ከክፍል አይወጣም። «ያልተጠረገ ሰሌዳ ያልታጠበ ፊት ነው» ይሉን ነበር። እኔ ደግሞ ከማንም በላይ ይህን ሕግ ወደድኩት። ደወል ሲደወል ሰሌዳውን በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ተማሪዎቼ «የቲቸር ሠናይት ሰሌዳ ፊት ያሳያል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይህን ልማዴን ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ከከተማው ዳር፣ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚበዙበት ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ የነጋዴዎች የቆርቆሮ ሱቆች ተደርድረውበት የነበረ ሜዳ አለ። ቀበሌው ቆርቆሮዎቹን አስነሥቶ በብሎኬት አዲስ የሱቅ መደዳ ሠራ። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ሻይ ቤት። በመደዳው ጫፍ ያለችው ክፍል ለሥጋ ቤት ታስባ ነበር፤ የውሃ መስመር ስላልደረሳት ባዶዋን ቀረች። ሊቀመንበሩ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «የሰፊው ሕዝብ ሙዚየም ትሁን» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ሙዚየም ምን እንደሆነ ከአጨብጫቢዎቹ ስንቱ እንደሚያውቅ አላውቅም፤ እኔም በፎቶግራፍ ብቻ ነበር የማውቀው። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር «ጓድ መምህርት ታደራጀው» ተባለ። ደመወዜ ከትምህርት ቤቱ እንዳለ ሆኖ በአንዲት ቁራጭ ደብዳቤ ተውሼ ሄድኩ። በደስታ እንቅልፍ አጣሁ።

የተሰጠኝ ረዳት አንድ አናጢ ነው፤ ጋሽ ይማም። ረዳት ተብለው መጡ እንጂ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ በልጅነታቸው ቁርአን ቀርተዋል፣ ማለትም ተምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሕይወታቸውን ሙሉ እንጨት ሲልጉ ኖሩ። ከቀበሌው መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጡ አምስት ቬትሪናዎች አገኘን፤ የፈረሱት የጨርቅ ሱቆች መስታወት ሣጥኖች ናቸው። ጋሽ ይማም የአንዱን ጠርዝ በእጃቸው ዳብሰው፣ «ይኼን እኔ ነኝ የሠራሁት። ለሻሽ ነበር» አሉ።

«አሁን ለታሪክ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ይሁን። ሻሽም ቢሆን ታሪክ ነበረው፤ ማን ጠየቀው?»

አሠራራቸው ዝግ ያለ ነበር። ቬትሪና ከማቆማቸው በፊት ሦስት ቀለም ያለው ቁራጭ ጨርቅ በአራቱም ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሁለት ሳምንት ጠበቁ። በምዕራብ መስኮት በኩል ያለው ጨርቅ ነጣ። «እዚህ ፀሐይ ትበላለች፤ እዚህ ብረትና ድንጋይ እንጂ ልብስ አይቀመጥም» አሉ። ጽሑፍ የሚለጠፍበትን ከፍታ እኔ በዓይኔ ልክ አድርጌው ነበር። እሳቸው ወደ ደረት ዝቅ አደረጉት። ለምን ስላቸው በመስኮት ወደ ኅብረት ሱቁ ሰልፍ አሳዩኝ። «ተመልካችሽ እነዚያ ናቸው። ለስኳር ተሰልፋ ወገቧ የተቆረጠ ሴት አንገቷን ቀና አታደርግልሽም።»

ሰልፈኞቹም በመስኮቱ እያዩን ይቀልዱ ነበር። አንዷ፣ «ስኳር የለም፣ ግቡና አሮጌ ወንበር እዩ ሊሉን ነው» ስትል፣ ሌላዋ፣ «እኛንም ከነከረጢታችን መስታወት ውስጥ ያስገቡና ይገላግሉን» ብላ ሰልፉን አሳቀችው።

ሁለት ልማዶቻቸው ግን አልገቡኝም ነበር። አንደኛው፣ ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው ከሁሉ በፊት በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል። ስም አይጠይቁም። «ስለዚህ ዕቃ ምን ልወቅ?» ይሉና ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ሁለተኛው፣ ዕቃ የታጠበበትን ውሃ ባለቤቱ መጥቶ ዕቃውን ሳያይ አይደፉም። በወጣትነታቸው የአንዲት ሙሽራ ሣጥን አጥበው ውሃውን ሜዳ ላይ ደፉት፤ የሙሽራዋ የወርቅ ጉትቻ አብሮ ሄደ። «ከዚያ ወዲህ ከውሃ ጋር አልቸኩልም» ይላሉ።

እኔ ግን እቸኩል ነበር። ሊቀመንበሩ ሙዚየሙ ለአብዮት በዓል እንዲከፈት ወስነዋል። መዝገቡን በማስመሪያ ሰባት ዓምድ አድርጌ አሰመርኩ፤ ተራ ቁጥር፣ የሰጪው ስም፣ የዕቃው ስም፣ ርዝመት፣ ወርድ፣ የተሠራበት ነገር፣ ምርመራ። ኮርቼበት ለጋሽ ይማም አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና፣ «የሰውየው ቃል የት ይገባል?» አሉ።

«ምርመራ የሚል አለ፣ ጋሼ።»

አውራ ጣታቸውን በዓምዱ ላይ አሳረፉት። ዓምዱ ከጣታቸው ሥር ጠፋ። «ለኔ ጣት ያልበቃ ለሰው ቃል ይበቃል?» አሉና ወደ መላጊያቸው ተመለሱ። ሰበብ ፈለጉ ብዬ ተውኩት።

ዕቃ የምንቀበልበት ቀን በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ አሮጌ ዕቃ ይዞ ይምጣ። ጋሽ ይማም በዚያን ቀን የመስታወት ማጠፊያ ሊገዙ ደሴ ወጥተው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሰዉ በሩ ላይ ተደረደረ፤ የሽመና መወርወሪያ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ኮርቻ፣ የፊደል ገበታ፣ የተሰበረ ፋኖስ። ሰልፉ እንዳይረዝም ብዬ በርጩማውን አነሣሁት። ቁጭ የሚል ሰው ብዙ ያወራል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጠይም፣ ቀጠን ያሉ ሴት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ሲገልጡት ሉህ ነው። የቁርአን ተማሪ ትምህርቱን የሚጽፍበት እጀታ ያለው የእንጨት ገበታ ነው፤ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም ይጻፍበታል። ይህኛው ከላይ እስከ ታች በጥቁር ጽሑፍ ተሞልቷል። እጀታው ላይ ስንጥቅ አለ፤ በቀጭን ሽቦ ታስሯል።

«የእድሪስ ነው» አሉ። «ቤቴ ክረምት ክረምት ያፈሳል፤ እንዲያው ጠብታው...»

«መጀመሪያ ስም ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«የሱን ነው የኔን?»

«የእርስዎን።»

«ዘይነብ። ልጄ ለውትድርና ሲሄድ እኮ...»

«የአባት ስም?»

ነገሩኝ። ርዝመቱን ለካሁ፤ ወርዱን ለካሁ። ከኋላ ያለው ሰው «እናንተ፣ ሊመሽ ነው» አለ። ሴትየዋ ሉሁን ሲለቁልኝ ጣታቸው ትንሽ ዘገየ። «ብቻ ውሃ አይንካብኝ፣ ልጄ።»

«መስታወት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አያስቡ።»

«አላህ ያክብርሽ» ብለው ነጠላቸውን አጣጥፈው ሄዱ። እኔ ምርመራ ከሚለው ዓምድ ውስጥ፣ በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ፣ አንዲት ቃል ጻፍኩ፤ «ያልጸዳ»።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው የጽዳት ቀን አደረግሁ። ከመዝገቡ ላይ «ያልጸዳ» የተባለውን ሁሉ በተራ ቁጥሩ አወጣሁ። ከመቶ የሚበልጥ ዕቃ ተቀብዬ ነበርና የማንኛው ዕቃ ባለቤት ምን እንዳለ ከጭንቅላቴ ወጥቷል፤ የማምነው መዝገቡን ነው። ከቦኖ ውሃ አስቀዳሁ፤ የዱቄት ሳሙና በጠበጥኩ፤ ብሩሽ ያዝኩ። ሉሁ ላይ ስደርስ ለአፍታም አላመነታሁም። ምክንያቱን ላስረዳ። ሉህ እንደሚታጠብ አውቅ ነበር። ደሴ፣ በግቢያችን፣ የጎረቤት ልጆች ሉሃቸውን ሲያጥቡ እያየሁ ነው ያደግሁት። እንግዲያው ጽሑፍ ያለበት ሉህ ማለት ለእኔ ያልተጠረገ ሰሌዳ ነው። ጥቁሩ ቀለም እየሟሟ ወደ ባልዲው ሲወርድ፣ ከሥሩ ቢጫ እንጨት ብቅ ሲል፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ጋሽ ይማም ከመስታወት ሥራቸው ቀና ሲሉ ሉሁ ግድግዳ ተደግፎ ይደርቅ ነበር። እጃቸው ላይ የነበረውን መዶሻ አስቀመጡ።

«ያጠብሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ይታጠብ የለ እንዴ?»

«ይታጠባል» አሉ ቀስ ብለው። «ባለቤቱ ምን ብሎ ነበር?»

መዝገቡን ገልጬ ከዘይነብ ስም ጀምሮ አነበብኩላቸው። ያልጸዳ። መዝገቡን ዘጉት። ከዚያ ባልዲውን አንሥተው በቆርቆሮ ክዳን ከደኑት፤ ከቬትሪናው ጀርባ አስቀመጡት። «ውሃው አይደፋ። ሴትዮዋ ይምጡና ይዩ» አሉ። የተለመደው ልማዳቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

የበዓሉ ቀን ክፍሉ በሰው ሞላ። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ፤ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱና፣ «ጓድ መምህርት፣ ይኼ ሁሉ የሟች ዕቃ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እትዬ ዘይነብ ከጎረቤታቸው ጋር ገቡ። የትምህርት ዕቃዎች ባሉበት ቬትሪና ፊት ጎንበስ አሉ። አለፉ። ተመልሰው መጡ። እንደገና አለፉ።

«ምን ፈለጉ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«የኔን።»

«ከፊትዎ ነው፤ ይኸው።»

«ኧረ ይኼ የሰው ነው።»

ከዚያ ዓይናቸው እጀታው ላይ ያለችውን ሽቦ አየች። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። አልጮኹም፤ አላለቀሱም። ወደ እኔ ዞረው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማን ሰማው?» አሉኝ።

ጥያቄው አልገባኝም። «ምኑን?» አልኩ።

«ልጄን። ሳይሰማ ታጠበበት?»

ጋሽ ይማም ነገሩን ከጎረቤታቸው ጠይቀው ሰሙና ክንዴን ይዘው ወደ ጎን አደረጉኝ፤ በጆሮዬ አስረዱኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስረዳ ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ማስረዳት ግን ሰምቼ አላውቅም። ሉህ እንዲሁ አይታጠብም። ተማሪው የጻፈውን ያጠናል፤ ከሸኹ ፊት ይቀመጣል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ ያሰማል። ሸኹ «በቃ» ሲሉት ብቻ ያጥባል፤ ቀጣዩን ይጽፋል። የታጠበ ሉህ ያለቀ ትምህርት ነው። እድሪስ ይህን ጽፎ አጥንቶ ሳይጨርስ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ሲሄድ እናቱን፣ «መጥቼ አሰማዋለሁ፤ እንዳይታጠብ» አላቸው። ደብዳቤው ከተቋረጠ ቆይቷል። እናቱ ጣሪያው ሲያፈስ ሉሁን በነጠላ ጠቅልለው ከጥግ ወደ ጥግ ሲያሸሹ ከረሙ። በመጨረሻ ውሃ ወደማይደርስበት ቦታ አመጡት። ወደ እኔ።

የጎረቤት ልጆች ሲያጥቡ ዓመታት አይቻለሁ፤ ከማጠባቸው በፊት ያለውን ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። የማውቀው ግማሹን ነበር። ምንም ባላውቅ ኖሮ እጠይቅ ነበር።

ደንግጬ ሁለተኛ ስሕተት ሠራሁ። «እማማ፣ ሸኽ አስጠርተን እናስጽፈዋለን፤ ያው ቃል ነው...» አልኩ።

«ቃሉማ የአላህ ነው፤ የትም አይሄድብኝ» አሉ። «እጁ ነበር የኔ።»

ሊቀመንበሩ ሰዉ ዝም ማለቱን አይተው መጡ። «ምንድን ነው? ንብረት ጠፋ?»

«አልጠፋም፣ ጓድ። ታጥቦ ነው» አሉ ጋሽ ይማም።

«ታዲያ መታጠቡ ምን ክፋት አለው?»

የእኔኑ ቃል ነው የተናገሩት።

ጋሽ ይማም ያን እኔ ያነሣሁትን በርጩማ ከጥግ አምጥተው እትዬ ዘይነብን አስቀመጧቸው። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረው፣ «ጓድ፣ ኅብረት ሱቁ ጋ ስኳር መጣ እየተባለ ነው፤ ሰልፉ ተበጥብጧል» አሉ። ሊቀመንበሩ ሮጠው ወጡ፤ ግማሹ ተመልካች ተከተላቸው። ስኳር አልመጣም ነበር።

ጋሽ ይማም ከበርጩማው ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደሚያዳምጥ ሰው። የዘወትር ጥያቄያቸውን ጠየቁ። «ስለዚህ ዕቃ ምን ልወቅ፣ ዘይነብ?»

እትዬ ዘይነብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቢስሚላህ» አሉና ጀመሩ።

ማንበብ የማይችሉ ሴት ናቸው። በመዝገቤ ላይ የፈረሙት በጣታቸው ነው። ልጃቸው ከደጃፍ ቁጭ ብሎ ሲደጋግም እየሰሙ፣ እህል ሲያበጥሩ፣ እንጨት ሲፈልጡ፣ ከድምፁ ጋር ትምህርቱን ይዘውት ኖረዋል። መስመር በመስመር አወረዱት። ድምፃቸው አንዳንድ ቦታ ላይ ቶሎ ይላል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ይጎተታል። የእድሪስ አነባበብ እንደዚያ እንደነበር ጎረቤታቸው ኋላ ነገረችኝ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ። እኔ በብሩሽ የፋቅሁት ነገር ከፊቴ እየተነበበ ነው።

አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ጠበቅን።

«እስከዚህ ነው» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። «እዚህ ላይ ሲደርስ ነው ሊወስዱት የመጡበት።»

ጋሽ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የቀረው ጥቂት ነው። አውቀዋለሁ፤ ልንገርሽና ትጨርሺው?»

«ይተዉት፣ ጋሽ ይማም። እሱን እሱ ነው የሚያሰማኝ።»

ተነሡ። «ውሃውስ?» አሉ። የሚያዩት እኔን ነበር። ጋሽ ይማም ባልዲውን አምጥተው ክዳኑን አነሡ። ውሃው ጠቁሮ ረግቷል፤ ዳር ዳሩን ነጭ አረፋ ደርቆበታል። እትዬ ዘይነብ ጣታቸውን ነክረው አሸተቱ።

«ሳሙና አለበት?»

«አለበት፣ እማማ።»

«ሳሙና ባይኖርበት እጠጣው ነበር» አሉ። ቃሉ የታጠበበት ውሃ ለበረከት ይጠጣል።

ከዚያ ዓረፍተ ነገር የከፋ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ሊሰድቡኝ አልነበረም። የሆነውን መናገራቸው ነው። ባልዲውን አንድ ጎን እሳቸው፣ አንድ ጎን እኔ ይዘን ከሱቆቹ ጀርባ ወጣን። እግር የማይረግጠው ቦታ ጋሽ ይማም መርጠው አሳዩን፤ ከአሮጌው ወይራ ሥር፣ በድንጋይ የተከበበች ጥግ። ቀስ ብለን አፈሰስነው። መሬቱ ጠጣው።

ሉሁን መልሼ ልሰጣቸው ፈለግሁ። አልተቀበሉኝም። «ቤቴ እንደሆነ ያፈሳል። እዚሁ ይቀመጥ።» ጥቂት ሄድ አሉና ተመለሱ። «ያን ጊዜ ስትጽፊ ነበር። ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

መዋሸት እችል ነበር። አልዋሸሁም። «ያልጸዳ ብዬ» አልኳቸው።

አሰቡ። «ሰርዢው» አሉ። «ገና ነው በይ።»

በማግስቱ አዲስ መዝገብ አሰመርኩ። ርዝመትና ወርድን አንድ ላይ አጠበብኳቸው፤ የገጹን ግማሽ «የባለቤቱ ቃል» ለሚል ዓምድ ተውኩ። ጋሽ ይማም አውራ ጣታቸውን ጣል አድርገው፣ «አሁን እጄም ይገባል» አሉ። ከዚያ ሌላ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። በዓመቱ ወደ ክፍል መመለስ ስችል አልተመለስኩም፤ ዕቃ መጠበቁ ሙያዬ ሆኖ ቀረ። ሰሌዳ የምጠርግበትን እጄን ራሴ አላመንኩትም።

እትዬ ዘይነብ ለስኳር በተሰለፉ ቁጥር ተራቸውን ለጎረቤት አስጠብቀው ይገቡና ከቬትሪናው ፊት ትንሽ ይቆሙ ነበር። እኔ በርጩማውን አቀርባለሁ። አንዳንድ ቀን ይቀመጣሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። እኔን አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። ባይናገሩኝም ሲገቡ ሁልጊዜ እደነግጥ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ሱቆቹ ወደ ግል ዞሩ፤ ክፍሏ የጫማ መሸጫ ሆነች። ዕቃዎቹ ደሴ ወዳለው መሥሪያ ቤት ተጫኑ፤ እኔም ከዕቃዎቹ ጋር ተዛወርኩ። ጋሽ ይማም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። እትዬ ዘይነብ ከዚያ በኋላ ረጅም ዓመት ኖረው አረፉ። እድሪስ አልተመለሰም፤ ሞተ ያለም ሰው አልመጣም።

ይህን ሁሉ ነው በርክክቡ ዕለት መናገር ያቃተኝ። ባልደረባዬ ገጾቹን እየቆጠረች ስትፈርም የሉሁ መስመር ላይ ደረሰች። ሰፊው ዓምድ ውስጥ ሁለት ቃል ብቻ አለ። ብዕሯን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«ይኼ ጉዳይ አልቋል ብዬ ልዝጋው?»

«ገና ነው» አልኳት።